ጅማ ላይ ባችን መልሶ ማገናኘት፦ ከመድረኩ ጀርባ ስላለው ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ተምራችሁ 12ኛ ክፍልን የጨረሳችሁና «እስቲ ባቹን እናሰባስበው» የሚል ሐሳብ የመጣላችሁ ብዙ ናችሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራው ግን ያደክማል፤ ክፍያም የለውም። አዘጋጆች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹ ትንሽ አድልዎ አለባቸው፤ የተጻፉት ጅማ ሆኖ በሚሮጠው ሰው ዐይን ነውና።

ኮሚቴው ስንት ሰው ይሁን? እነማንስ ይግቡበት?

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ስብሰባው ይረዝማል፤ ሥራው ግን ባለበት ይቆማል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ይኑረው። ዕድር ውስጥ ያለ ሰው ይህን አሠራር ስለሚያውቀው አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከኮሚቴው ውጭ ደግሞ ለየሴክሽኑ አንድ አንድ ደዋይ መድቡ። ደዋዩ ስብሰባ አይገባም። ሥራው የራሱን ሴክሽን ልጆች እየደወለ ማግኘት ብቻ ነው። (ሃምሳ ዓመት ቢሞላቸውም ለእኛ ልጆች ናቸው።)

ስብጥሩን አስቡበት። የኮሚቴው አባላት በሙሉ በአንድ ሴክሽን የተማሩ፣ በአንድ ሠፈር ያደጉ ጓደኛሞች ከሆኑ ሌላው ባች «የእነ እገሌ ድግስ» ብሎ ይተወዋል። ሙስሊምም ክርስቲያንም ይኑርበት። ከየሠፈሩ፣ ከመንቲናም፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከግንጆም ይኑርበት። ሴቶች ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አንዲት ብቻ ከሆነች ምግብና አበባ ላይ ትመደብና ገንዘቡና ውሳኔው ለወንዶቹ ይቀራል። ደጋግመን አይተነዋል።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው (ወይም ውጭ አገር)። ምን ላግዝ?

ብዙ ነገር። ግን አስቀድመን አንድ ነገር እንነጋገር።

የብዙ ባች ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው አዲስ አበባና ውጭ አገር ይሰጣል፤ ሩጫው ጅማ ይቀራል። ሌሊት ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው ተከራክሮ «ድንኳኑ ነጭ ይሁን፣ መግቢያው ላይ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፍ» ይላል። ጠዋት ተነሥቶ ድንኳን የሚፈልገው፣ ዋጋ የሚጠይቀው፣ በራሱ የባጃጅ ሒሳብ የሚመላለሰው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሥራ አለው፤ ልጆች አሉት። ነጭ ድንኳን አጥቶ ሰማያዊ ሲያገኝ ደግሞ የሚወቀሰው እሱ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። ጅማ ላይ የሚሠራውን ጅማ ያለው ሰው ይወስን። ቦታ፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ ወንበር የእሱ ውሳኔ ይሁን። ከሩቅ ያለው ሐሳብ ያዋጣ፤ ድምፅ ግን አይስጥ። ቅር የሚለው አይጠፋም። ቅር ይበለው።

ከሩቅ ሆኖ በደንብ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። የስም ዝርዝሩን በኤክሴል መያዝ፣ ውጭ ያሉትን ማፈላለግ፣ የድሮ ፎቶ መሰብሰብ፣ ባነሩን ዲዛይን ማድረግ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን መኪና ማስተባበር። የጅማዎቹ የስልክ ካርድና የመጓጓዣ ወጪም ከመዋጮው ይከፈል። ጊዜውን በነፃ የሰጠ ሰው የካርድ ሒሳብ ከኪሱ ማውጣት የለበትም።

ዝግጅቱ መቼ ይጀመር?

ቢያንስ ስድስት ወር ሲቀረው። ውጭ አገር ያሉት ብዙ ከሆኑ ዓመት ሲቀረው ንገሯቸው፤ የሥራ ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት በአንድ ወር አይገኝም።

ለጅማ የቱ ወር ይሻላል?

ጥር። ከጥምቀት በኋላ ያለ ቅዳሜ።

ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል ከጭቃ ጋር ግብግብ መግጠም ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ይከፈታል፤ ግን የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከባቹ ውስጥ ቡና የሚነግደው፣ አጋሮ ወይም ሊሙ የቤተሰብ እርሻ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን አይገኝም። ቢገኝም ልቡ ከእናንተ ጋር አይሆንም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። የሚፈታው ገና ላይ፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ክፍተት የእናንተ ናት።

ረመዳንን አትርሱ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚገባ፣ ለአምናው ባች የተስማማው ሳምንት ለእናንተ ላይስማማ ይችላል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቀናት ልዩነት ተከታትለው የካቲት ላይ ገቡ። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የሁለቱንም እምነት አቆጣጠር ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ።

ለምን ቅዳሜ? ዓርብ ጁምዓ አለ፤ ለኦርቶዶክሱም የጾም ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሩቅ የመጣውም የሚመለሰው እሑድ ነው።

የጥር መጥፎ ጎኑ ሠርግ ነው። አዳራሹ፣ ድንኳኑ፣ ሞንታርቦው፣ ወጥ ሠሪዋ ሁሉም ቀድመው ይያዛሉ። ቀብዱን ጥቅምት ላይ ክፈሉ።

ግብዣው ላይ ቀኑና ሰዓቱ እንዴት ይጻፍ?

በሁለቱም አቆጣጠር። «8 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሃያ ዓመት ውጭ የኖረው ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ያደናግራል።

የድሮ ተማሪዎችን ስም ከየት እናገኛለን?

ከትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል ጀምሩ። ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉና ያንን ዓመት ሮስተር ለማየት ጠይቁ። ሮስተሩ ላይ ስም ከነአባትና ከነአያት ይገኛል። ውጤትም አለበት። ስሙን ብቻ ገልብጡ። የሰው የሒሳብ ውጤት ፎቶ አንሥቶ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ የተነካው ሰው ግን ዝግጅቱ ላይ አይመጣም።

ሮስተሩ ከጠፋ ኦቶግራፍ ፈልጉ። 12ኛ ክፍል ሲያልቅ ያስጻፍናት ያቺ ትንሽ ደብተር ብዙ እናቶች ቤት ሳጥን ውስጥ አለች። ስም ከነቅጽል ስሙ ይገኝባታል። አንዳንዱ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንም ጽፏል። የክፍል ፎቶ ካለ ደግሞ ጀርባውን ገልብጡት፤ የድሮ ሰው ፎቶ ጀርባ ላይ መጻፍ ይወዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሠፈር ሥራ ነው። ለዚህ ፌስቡክ ብዙ አይረዳም። የልጁን ቤተሰብ ቤት ታስታውሳላችሁ? ሂዱና አንኳኩ። ቤቱ ተሽጦ ቢሆንም ጎረቤት ያውቃል። የሠፈሩ የዕድር ጸሐፊም ያውቃል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያሉ አዛውንቶች፣ ጅማ መርካቶ ውስጥ የቆዩ ባለሱቆች ያውቃሉ። እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉ አክብራችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ቡናቸውን ጠጥታችሁ ጠይቁ። ቆማችሁ ስልክ ቁጥር ብትጠይቋቸው አይሰጧችሁም፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

ስሙን ፌስቡክ ላይ ስፈልገው አይመጣም። ለምን?

በላቲን ፊደል የተጻፈ የጅማ ሰው ስም ሁለት ሦስት መልክ አለው። ጫልቱ በቁቤ (በአፋን ኦሮሞው የላቲን አጻጻፍ) ስትጻፍ የምትጀምረው በ«ሲ» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የለመደ ሰው ግን «ሲ ኤች» ብሎ ይፈልጋታል፤ ስለዚህ አያገኛትም። ጥላሁን ደግሞ በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል። በሁለቱም መንገድ ሞክሩ። በግዕዝ ፊደልም ሞክሩ፤ «ኃይሉ»ን በሀ፣ በሐ፣ በኃ እየቀያየራችሁ። አንዳንዱ ሰው የሚገኘው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው፤ እናቱም የምትጠራው በዚያው ነው።

ሴቶቹን ማግኘት ለምን ከበደን?

ስማቸው ተቀይሮ አይደለም። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው። ችግሩ ሌላ ነው። ደዋዮቹ ወንዶች ናቸው። ስልኩን ባል ያነሣና «ማን ልበል?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሴቶችን ሴቶች ይደውሉላቸው። አንዲት ጓደኛ ከተገኘች አራት አምስቱን ይዛ ትመጣለች።

ሰዓቱንም አስቡበት። «እስከ ሌሊት» የሚል ፕሮግራም ላይ ብዙዎቹ አይመጡም። ቀን ተጀምሮ ሲመሽ የሚያልቅ ይሁን። ማታ የሚሸኙ ባጃጆችም አስቀድማችሁ ያዙ።

9ኛ ወይም 10ኛ ላይ ያቋረጡ፣ ማትሪክ ያልመጣላቸውስ ይጠራሉ?

አዎ። ሁሉም። ማትሪክ የመጣለትን ብቻ ከጠራችሁ አብረዋችሁ ካደጉት የበዙትን ውጭ አስቀራችሁ።

የሞቱ ጓደኞችን እንዴት እናስባቸው?

መጀመሪያ አረጋግጡ። ሁለት ሰው፣ አንዱ ከቤተሰብ፣ ካላረጋገጠ በቀር ስም አትጻፉ። በወሬ ብቻ «ነፍስ ይማር» ተብሎ የተለጠፈለት ሰው በሕይወት ሆኖ ሲያነበው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቤተሰቡን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ፎቶ የማይፈልግ ቤተሰብ አለ። የሞቱበትን ምክንያት አታንሡ። በተለይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ ወጣት በበሽታ አልፏል፤ ስለ ምክንያቱ መድረክ ላይ መገመት ነውር ነው።

በዕለቱ ስማቸው በዝግታ ይነበብ። ሁሉም ይቁምና በየሃይማኖቱ በልቡ ይጸልይ። ይህ በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ይሁን እንጂ ሰው መሣቅ ከጀመረ በኋላ አይሁን። ወላጆቻቸው ጅማ ካሉ ኮሚቴው በማግስቱ ሄዶ ይጠይቃቸው። ይህችን ጉብኝት ከፕሮግራሙ እንዳታወጧት። ድግሱ ቢሰረዝ እንኳ እሷ ትቅር አንልም።

መዋጮው ስንት ይሁን?

ቁጥር አንሰጥም። ዋጋ በየወሩ ይቀያየራል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በአምና በጀት መመራት አይቻልም። እንዴት እንደሚቆረጥ ግን እንናገራለን።

ብዙ ኮሚቴ ጠቅላላ ወጪውን ለሰው ቁጥር ያካፍላል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። ከባቹ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ አለ። ጉልት የምትቸረችር አለች። የሁለት ልጆቿን ቤት ኪራይ የምትከፍል አለች። ለዶክተሩ ከምሳ የማይበልጠው ገንዘብ ለእነሱ የሳምንት አስቤዛ ነው። ስለዚህ መነሻው ይገልበጥ። በጣም እጅ ያጠረው የክፍል ጓደኛችሁ ሳይጨነቅ ምን ያህል ይከፍላል? ጅማ ያሉት የኮሚቴ አባላት ይህን በደንብ ያውቁታል። መዋጮው እዚያ ላይ ይቆረጥ። ጉድለቱን የቻሉት ይሙሉት።

ሰው የሚቀረው ገንዘብ አጥቶ ብቻ አይደለም። ያፍራል። «ሥራ በዝቶብኛል» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ «እነሱ የት ደርሰዋል፣ እኔ ምን ለብሼ፣ ምን ብዬ ልምጣ» ማለት ነው። ይህን የሚያባብሱ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ተዉ።

የከፋዮችን ስም ከነመጠኑ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት እየተለጠፈ፣ ከሥር እጅ እየተጨበጨበ፣ አበባ እየተወረወረ ሲውል አይታችኋል። ትንሽ የከፈለው ያንን እያየ ዝም ይላል። ያልከፈለው ከግሩፑ ይወጣል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ለጥፉ። ብዙ የሰጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ሰብሳቢው ደውሎ ያመስግነው።

«ቪአይፒ» የሚባል ጠረጴዛ አይኑር። «የወርቅ ስፖንሰር» የሚባል ነገር አይኑር። በ10ኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ጭራሽ መክፈል የማይችለውንም ገንዘብ ያዡና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ይወቁት። መግቢያ ካርድ ካዘጋጃችሁ የሁሉም ካርድ አንድ ዓይነት ይሁን።

ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጥ?

በሦስት ሰው የጋራ ሒሳብ። ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን። ሁለቱ ጅማ ያሉ፣ ሦስተኛው ከሌላ ከተማ ቢሆን ይመረጣል። ሒሳብ ለመክፈት ሁሉም ፋይዳ መታወቂያቸውን ይያዙ። በአንድ ሰው የግል ቴሌብር መሰብሰብ ይቀላል። ሆኖም ያ ሰው ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢታመም ምን ይደረጋል? የሌባ ጉዳይ አይደለም፤ ታማኝ ሰውንም ከሐሜት ማዳን ነው።

ደረሰኝ ለሌለው ወጪ (የጫኝ፣ የወጥ ሠሪ፣ የጀበና ቡና) ተቀባዩ የሚፈርምበት ወረቀት ይዘጋጅ። በየወሩ መጨረሻ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሦስት መስመር ግሩፕ ላይ ይውጣ። ውጭ ያሉት በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይላኩ። «ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ያመጣላችኋል» የሚባል ገንዘብ ሲመጣ አናውቅም።

ምግቡ ላይ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። እንዴት እናድርገው?

ጅማ ውስጥ ሥጋ ካቀረባችሁ ሁለት ዓይነት ይሆናል። የሙስሊምና የክርስቲያን። ሁለት ዓይነት ሥጋ ማለት ሁለት አራጅ፣ ሁለት ምድጃ፣ የየራሱ ድስትና ጭልፋ፣ የየራሱ መደዳ ነው። ጭልፋው ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። አንዱ አስተናጋጅ ሳያስብ ከዚያኛው ድስት ሲጨልፍ ካዩት ሰው ምግቡን ትቶ ይነሣል። ስለዚህ ለየመደዳው የተለየ አስተናጋጅ መድቡ፤ ከፊት በትልቁ ጻፉበት። የሙስሊሙን ድስት የሚያውቅበት ሙስሊም፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ይምራው። የጾም ምግብ ደግሞ በሦስተኛ መደዳ ሁልጊዜ ይኑር። ሥጋ የማይበላ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው በእኛ ዕድሜ በዝቷል።

ሌላም መንገድ አለ። ሁሉንም የጾም ማድረግ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጥሩ እንጀራ። ወጪው ይቀንሳል፣ ጭልፋው አያጣላም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ገንዘብ ካጠራችሁ ይህን ምረጡ። ገንዘብ ባያጥራችሁም እኛ ይህን እንመርጣለን። ሰው ጅማ ድረስ ሥጋ ሊበላ አይመጣም። (ይህን ስንል የሚቆጣ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው።)

ቡናው ላይ ግን አትቆጥቡ። ቡና ነጋዴ የሌለበት የጅማ ባች አይገኝም፤ ከእሱ ጠይቁ። ረከቦቱ ከመግቢያው አጠገብ ይሁንና ከመጀመሪያው ሰዓት ይፍላ። ሰው ተበታትኖ ነው የሚደርሰው። ቀድሞ የመጣው ስኒ ይዞ ሲቆም ከማያስታውሰው ሰው ጋር ማውራት ይቀለዋል።

መጠጥ ይቅረብ?

ከመዋጮው አይገዛ። ቅጥሩ የትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይግባ። መጠጣት የሚፈልግ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በራሱ ሒሳብ ይውጣ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሁን ወይስ ሆቴል?

ትምህርት ቤት። ሆቴል ዝናብና የመብራት መጥፋት ያሳስበናል ለሚል ይመቻል፤ ግን ሰው የድሮ ክፍሉን ማየት ይፈልጋል። ቅዳሜ ቅጥሩ ባዶ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀበሌውና የጸጥታ ክፍሉም አስቀድመው በደብዳቤ ይወቁት። ድንኳን፣ አግዳሚና ሳሕን ከሠፈር ዕድር ከተከራያችሁ ርካሽ ነው። ጄኔሬተር ያዙ። ለአዛውንት አስተማሪዎች መደገፊያ ያለው ወንበር ለዩ። መጸዳጃ ቤቱን ከሳምንት በፊት በዐይናችሁ እዩት። በዕለቱ ውኃ የሚሞላና የሚያጸዳ ሰውም ቅጠሩ።

አስተማሪዎቻችንን እንዴት እንጥራ?

በአካል ሄዳችሁ። በመልእክት አይጠሩም። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ጅማ ናቸው፤ ሌሎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰዋል። ለእነሱ መጓጓዣና ማደሪያ ከበጀቱ ይያዝ። ጋሼ፣ እትዬ እያላችሁ ማደጋችሁን አትርሱ፤ መድረክ መሪው «አንተ» እያለ ሲቀልድባቸው ሰው ይሳቀቃል። ስጦታው ጋቢ ቢሆን ማንም አያፍርበትም። የዘበኛውን፣ የላይብረሪዋን ሠራተኛና የጽዳት ሠራተኛዋን አትርሱ። ከአስተማሪው እኩል በስማቸው ይጠሩ።

ንግግር ለሦስት ሰው ብቻ ስጡ፤ ሰዓት ያዙባቸው። መድረክ መሪው አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚችል ይሁን። በሁለቱም እያቀያየረ ሲመራ ነው የጅማ ዝግጅት የሚመስለው።

የቴሌግራም ግሩፑ በፖለቲካ እየታመሰ ነው። ምን ይደረግ?

ሁለት ግሩፕ ይኑር። አንዱ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት የማስታወቂያ ቻናል፣ ሌላው የወሬ። ፖለቲካ፣ ሃይማኖት ላይ የሚነዛ ነገርና የንግድ ማስታወቂያ በሁለቱም ይከልከል። አድሚኑ እንዲህ ያለውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰርዝ፤ በሁለተኛው ሳምንት መሰረዝ ከጀመረ «ለምን የእኔን?» ይመጣል። ስልክ ቁጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለጠፍ። ስማርት ስልክ የሌለውን ደግሞ ደዋዩ በየሁለት ሳምንቱ ይደውልለት።

ቲሸርት ይታተም?

ከተቻለ። መጠኑን ስትጠይቁ ሰው የድሮ ቁጥሩን ይነግራችኋል። አንድ ቁጥር ጨምራችሁ አሳትሙ።

ባልና ሚስት፣ ልጆች ይምጡ?

የትዳር አጋር ለእራት ይምጣ። ቀኑ ለባቹ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ትዳሩን ይዞ የመጣ ሰው የድሮ ታሪኩን እያነጠረ ሲናገር ይውላል።

ለትምህርት ቤቱ ምን እንስጥ?

አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ የምናስበውና እነሱ የሚያስፈልጋቸው አይገናኝም። ብዙ ባች ኮምፒዩተር ይሰጥና መስመር የሌለው ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ ታንከር፣ የዴስክ ጥገና፣ በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት የታተሙ አጋዥ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚነሡ ናቸው። ከርእሰ መምህሩ ሌላ የወላጅና መምህር ኅብረቱንም አነጋግሩ፤ አንድ ሁለት ተማሪዎችንም ጠይቁ። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለት። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ለባቹ አሳዩ። ግንባታ ከሆነ ገንዘብ ከመስጠት ራሳችሁ አሠርታችሁ ማስረከብ ይመረጣል።

ከሩቅ የሚመጡት እንዴት ይድረሱ? ምን ይዩ?

ከአዲስ አበባ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጊቤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ይበላል። ዓርብ በጠዋት ይነሡ፤ ማታ አይንዱ። ሰሞኑን መንገዱ እንዴት እንደሆነ አንድ ሰው ይጠይቅ። አውሮፕላንም ወደ አባ ጅፋር ኤርፖርት አለ፤ የጥር ትኬት ግን ቶሎ ያልቃል።

እሑድ ረፋድ ላይ የሚቀሩትን ጅሬን ውሰዷቸው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ለጉብኝት ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ ደውሉ። በተማሪነታችን ብዙዎቻችን አንድ ቀንም አልወጣንበትም። ሲመለሱ ገበያ አዙሯቸው። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ማርና ቡና ይገዛሉ። ለዋጋው ድርድር ጅማ የቀረ ሰው ይከተላቸው።

ዝግጅቱ ሲያምር «ማኅበር እናቋቁም» ይባላል። እናቋቁም?

በዚያ ማታ አይወሰን። በዚያ ማታ ሰው ሁሉ እሺ ይላል። ሦስት ወር ጠብቁና አሁንም የሚፈልግ ካለ ያን ጊዜ ተነጋገሩ፤ ቋሚ ማኅበር ከሆነ መመዝገብ አለበት፣ በየዓመቱም ሥራ አለው። እስከዚያ የታመመ ጓደኛን የሚጠይቅ፣ የሞተን የሚቀብር ልማድ ካቆያችሁ ይበቃል። ጅማ ያሉት ይህን ከድሮም ያደርጉታል።

ከዝግጅቱ ማግስት ኮሚቴው ምን ይቀረዋል?

ወንበርና ሳሕን ቆጥሮ መመለስ። የተሰበረውን መክፈል። የወጥ ሠሪዋንና የጫኞቹን ቀሪ ሒሳብ በዚያው ቀን መጨረስ። በሳምንት ውስጥ ጠቅላላ ገቢና ወጪ ለባቹ መለጠፍ። የተረፈ ገንዘብ ካለ ምን ላይ እንደሚውል ከዝግጅቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በኋላ ከሆነ ያጣላል። እኛ የምንመርጠው በሽታ ላይ ላለ የባቹ ሰው ነው። የስም ዝርዝሩ ለሁለት ሰዎች ይሰጥ፤ አንዱ ጅማ ያለ ይሁን። ባንኩ ሒሳቡን ለመዝጋት ሦስቱንም ፈራሚዎች በአካል ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከሌላ ከተማ የመጣው ፈራሚ ትኬቱን ሰኞ ከሰዓት ያድርገው።